የሣሩ ወፍና የስልኩ ዜማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ በምትገኘው በነገሌ ቦረና አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ነበሩ።

ሽማግሌው በጉልምስናቸው ዘመን በዱብሉክ ኤላዎች አባ ሄሬጋ ነበሩ። አባ ሄሬጋ የውኃ ተራ አስከባሪ ነው። የቦረና ኤላ፣ ማለትም የውኃ ጉድጓድ፣ ጥልቅ ስለሆነ ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ፤ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ከላይ የተጠማው መንጋ ውኃው ሸቶት ይጮኻል። ዛሬ የማን ላም እንደምትጠጣ፣ ነገ የማን ግመል እንደምትመጣ የሚናገረው አባ ሄሬጋ ነው። ሀብታም ቢቆጣ ተራው አይቀደምም፤ ድሃ ቢዘገይ ተራው አይበላም። ሽማግሌው ያን ሥራ ከተዉ ብዙ ዘመን ቢያልፍም አገሬው እስካሁን የሚጠራቸው በዚያው ስም ነው።

ወጣቱ የከተማ ልጅ ነው። እግሩ ፈጣን ነው፤ ኦሮምኛውንም፣ አማርኛውንም፣ ሶማልኛውንም እንደ እንግዳው ይናገራል። ሁለቱን ያገናኘቻቸው አንዲት ወፍ ናት።

ከነገሌ በስተደቡብ ምሥራቅ የሊበን ሜዳ ተዘርግቷል። በዚያ ሜዳ ሣር ውስጥ አንገቷ የቀጠነ፣ ቡናማ፣ በአንድ እጅ የምትጨበጥ ወፍ ትኖራለች፤ የሊበን ላርክ ይሏታል። ሰው ሲቀርባት እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ትሹለከለካለች። ጎጆዋን የምትሠራውም መሬት ላይ፣ ሣሩን ተገን አድርጋ ነው። በሊበን ሜዳ መኖሯን ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የመጥፋት አደጋ እጅግ ከበረታባቸው የዓለም ወፎች ጋር ተመዘገበች። ሜዳው ሲታረስ፣ ቁጥቋጦ ሲወርረው፣ የቀረውም ሣር ከሥሩ ሲጋጥ መሸሸጊያ አጣች። በአፍሪካ ዋና ምድር በሰው ዓይን ፊት የጠፋች የመጀመሪያዋ ወፍ እንዳትሆን ተመራማሪዎች አስጠንቅቀዋል። ፎቶ አንሺዎችም ሳትጠፋ ለመድረስ ከሩቅ አገር ይመጡላታል።

ወንዱ በዝናብ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ሜዳው ሲለመልም፣ ጎህ ሲቀድ ከሣሩ ይነሣና አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይዘምራል። ለጎረቤቱ ወንድ «ይህ ሣር የኔ ነው» ማለቱ ነው፤ ለሴቷም «እዚህ ነኝ» ማለቱ ነው።

ሽማግሌው እንግዳ ይዘው የሚወጡት በጨለማ ነው። ከመንገድ ርቀው ይሄዱና እንግዳውን ያስቀምጡታል፤ ራሳቸውም በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ወፉ በቀረበ ቀን እንግዳው ያነሣል፤ ባልቀረበ ቀን «ዛሬ ተራህ አይደለም» ይሉታል። ተቆጥቶ የሚሄድ ብዙ ነው። ወጣቱ በዚያን ጊዜ ቦርሳ ተሸካሚያቸውና አስተርጓሚያቸው ነበር።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ እንግዳውም ተስፋ ቆርጦ ካሜራውን ሊያስገባ ሲል፣ ወንዱ ከፊታቸው ተነሥቶ ራሳቸው ላይ ዘመረ። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ቀዳው። ሽማግሌው የጠዋት ብርድ የሚቀሰቅስባቸው የቆየ ሳል አለባቸው፤ አጭር፣ ሁለቴ የሚደጋገም። ያን ዕለትም ዜማው ሊያበቃ ሲል ሳሉ። ወፉም ወረደ።

ወጣቱ ቀስ በቀስ መንገዱን ለመደ፤ የራሱንም እንግዳ መያዝ ጀመረ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ መጣ። ይህ ሰው ከጥቂት ቀናት በፊት አርባ ምንጭ ነበር። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ነጂው እየተመራ አዞ ገበያ ደርሷል። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ዳር ላይ ተኝተው ነበር። ጉማሬው ጆሮውን እያራገፈ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ዓሣ አዳኙ ንስር ከደረቀ ግንድ ጫፍ ተቀምጧል። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ሲያንሳፍፈው ሁሉም በየቦታው ቆየለት፤ እስኪበቃው አነሣ።

«አዞ እንኳ አልሸሸኝም፤ ይህች አንድ ፍሬ ወፍ ትሸሸኛለች?» አለ።

«ጋሼ፣ ታጋሽ ከሆኑ ትገኛለች» አለው ወጣቱ።

«ያለኝ ይህ ጠዋት ብቻ ነው። ማታ ያቤሎ ማደር አለብኝ፤ ያቺ ከናንተ አገር ሌላ የትም የሌለች ቁራ እዚያ ናት።»

ሄዱ፤ ተቀመጡ። ወፉ ከመንገዱ ማዶ ይዘምራል፤ ለዓይን ግን ነጥብ ነው። በሌንስ ሲያዩትም ትንሽ ከነጥብ ይበልጣል። ፀሐይዋ ክንድ ያህል ከፍ አለች። ሹፌሩ ላንድክሩዘሩን አዙሮ አቆመ። ፎቶ አንሺው ከኪሱ ብር አወጣ፤ ሳይቆጥረው በጣቱ መካከል ያዘው።

ወጣቱ ስልኩን አወጣ። መልሶ ከተተው።

ሽማግሌውን አሰበ። እሳቸው ቢሆኑ የሚሉትን ያውቃል። ሰውየው ይህን ሁሉ መንገድ መጥቷል፤ ባዶውን ቢመለስ ለጓደኞቹ የሚያወራው የነገሌን አስጎብኚ ስንፍና ነው። ቤት ደግሞ እናቱ አለች፤ የእህቱ የትምህርት ቤት ልብስ አለ። ወፏንም አሰበ። አንዴ ብትጠራ ምን ትሆናለች? ድንጋይ አልወረወርኩባት፤ ወጥመድ አልዘረጋሁባት። ዜማው የራሷ ወገን ዜማ ነው፤ ከኔ የጨመርኩበት የለም።

ስልኩን እንደገና አወጣው። አውራ ጣቱ የስልኩ መስታወት ላይ ቆየ። ማዶ ያለው ወፍ ዜማውን ጨርሶ ወረደ፤ ሜዳው ዝም አለ። ያን ጊዜ ነካው።

ዜማው ከመዳፉ ውስጥ ወጣ። ብዙም አልቆየ፤ ከመንገዱ ማዶ ወንዱ ተነሣና በቀጥታ ወደ እነሱ መጣ። ራሳቸው ላይ ቆመ፤ ላባው ተነፋፍቶ፣ ጉሮሮው እየተንቀጠቀጠ ቁልቁል ይመለከታል፤ ጠላቱን ይፈልጋል። ካሜራው ተንጣጣ። ወፉ ዞረ፣ ወረደ፣ ሣሩ ውስጥ ሮጠ፣ እንደገና ተነሣ። ፎቶ አንሺው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በጣቱ መካከል የነበረውን ብር በሙሉ ለወጣቱ ሰጠው።

በሳምንቱ ፎቶው በወጣቱ ስልክ ደረሰው። ወጣቱም ወደ ሽማግሌው ሮጠ። ወፉ የስልኩን መስታወት ሞልቶታል፤ እያንዳንዱ ላባ ይቆጠራል፤ ከኋላው ሰማያዊ ሰማይ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ወፉ ቆንጆ ነው» አሉ። «ሣሩ የታለ?»

«ሣሩማ ከታች ነው አባ። ፎቶው ውስጥ አልገባም።»

«እንዴት እንዲህ ቀረበህ?»

ወጣቱ ነገራቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ብቻ ጠየቁት፤

«ወፉ ጠላቱን ፈልጎ መጣ። አገኘው?»

«አላገኘውም።»

«ከዚያስ?»

«ደጋግሞ ፈለገ።»

«እሱ ሲፈልግ ቁርሱን ማን በላለት? ሴቷንስ ማን ጠበቀለት?»

ወጣቱ ሳቀ። ሽማግሌው ስልኩን መለሱለትና መጥረቢያቸውን አንሥተው እሾህ ሊቆርጡ ወጡ። በዚያ ወራት ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ካሎ ያጥሩ ነበር። ካሎ ቦረናዎች ሣሩ ለበጋ እንዲቆይ ብለው በእሾህ የሚከልሉት መሬት ነው፤ ሌላው ግጦሽ ባለቀ ጊዜ ጥጃና አቅም ያነሳት ላም ይገባበታል። በሊበን ሜዳ ማኅበረሰቡ ከኤስ ኦ ኤስ ሳህል ኢትዮጵያና ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆኖ እንዲህ ያሉ ካሎዎችን አጥሯል። ለላሟ የቆየው ሣር ለወፏም መሸሸጊያ ይሆናል። ሥራው ከባድ ነው፤ እሾህ ይቆረጣል፣ ይጎተታል፣ ይከመራል፤ ምስጥ የበላው ደግሞ ይተካል። ወጣቱን ጠርተውት ነበር። እንግዳ አለብኝ አለ።

እውነቱን ነው፤ እንግዳ በዝቶለታል። ሲጠራት የምትመጣለት ልጅ አለ ተብሎ ተወርቷል። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ገዛ። በአንድ ጠዋት ሁለት መኪና፣ አንዳንዴም ሦስት ያስተናግዳል። የመጀመሪያው ወፍ ጥሪውን ሰምቶ በተነሣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ሄደ። ከዚያ ከሩቅ ሆኖ መመለስ ጀመረ። ከዚያ ዝም አለ። ወጣቱ ወደሚቀጥለው ሣር ተሻገረ፤ እዚያም ሌላ ወፍ አገኘ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ሜዳው ሰፊ መስሎት ነበር።

ሌሎቹም ልጆች ዓይን አላቸው። አንድ ጓደኛው ለመነው፤ በብሉቱዝ ላከለት። ያ ደግሞ ለሌላው ላከ። በዝናቡ ወር መጨረሻ የወፉ ዜማ ያልገባበት የአስጎብኚ ስልክ ነገሌ ውስጥ አልቀረም።

ዓመት ዞረ። ዝናቡ መጣ፤ አንዲት እንግዳም መጣች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ በውጭ አገር የምትኖር ሴት ናት። ልጅ ሳለች አባቷ ነገሌ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። የወፍ ፎቶ ማንሣት የጀመረችው ጡረታ ስትወጣ ነው፤ ለዚህ ጉዞ ገንዘብ ያጠራቀመችው ግን ከዚያ አስቀድማ ነው። ወጣቱ ገና ሲያያት አከበራት።

«እትዬ፣ ዛሬ ያገኟታል» አላት።

ጎህ ሳይቀድ ደረሱ። ጤዛው ጫማቸውን አራሰው። ብዙም ሳይቆዩ ዜማው ተሰማ፤ ከፊታቸው ካለው ቁጥቋጦ ወዲያ፣ ጥርት ብሎ፣ ከመሬት አካባቢ።

ሴትየዋ ክንዱን ያዘችው። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ወጣቱ ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። ከማዶ መልስ መጣ። ዝም አለ፤ ያም ዝም አለ። እንደገና ከፈተ፤ ያም እንደገና መለሰ። እንዲህ ያለ ብርቱ ወፍ ሰምቶ አያውቅም። አይሸሽም፤ አይደክምም፤ ይልቁንም እየቀረበ ይመጣል። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ተነሡ። ከዚያ በጉልበታቸው፣ በመጨረሻም በሆዳቸው ሄዱ። እሾህ የሴትየዋን ክንድ ጫረው፤ አልተሰማትም። ሌንሷን ወደፊት አስቀድማ፣ ትንፋሿን ውጣ ትሳባለች። ወደ ቁጥቋጦው ሲቃረቡ ዜማው ከወዲያ በኩል ተነሣ፤ ሊያበቃም ደረሰ።

ከሣሩ ውስጥ ሽማግሌው ሳሉ። አጭር፣ ሁለቴ።

ወጣቱ በመጀመሪያ ተደሰተ። አባ ሄሬጋ እዚህ ናቸው፣ ወፉን ይዘው ተቀምጠዋል አለ። ቀጥሎ ደሙ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው ዛሬ ካሎው ዘንድ ናቸው፤ ጠዋት ሲያልፍ አይቷቸዋል።

ቅጠሉን ገለጠ። ከወዲያ በኩል ሌላ ሌንስ ፊቱ ላይ ተደቅኗል። ከሌንሱ ኋላ አንድ ፈረንጅ በሆዱ ተኝቷል፤ ከፈረንጁ ጎን ያ የመጀመሪያው ጓደኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ሁለቱ ካሜራዎች ትይዩ ሆነው ቆዩ። በሁለቱ መካከል ያለው ሣር ከጣት አይረዝምም።

ሴትየዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የልብሷን ጭቃ አላራገፈችም።

«እስካሁን የሰማነው ሁሉ ስልክ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«እውነተኛውን ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የሰማኸው መቼ ነው?»

ወጣቱ ለማስታወስ ሞከረ። ቀኑን ሊያገኘው አልቻለም። ሲፈልገው የነበረው ዜማውን ሳይሆን ከዜማው በኋላ የሚመጣውን ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ጆሮውን ሰጥቶ አላዳመጠም። ዋሽቶ ሌላ ሣር ሊያሳያት ይችል ነበር፤ ቀኑ ገና ነው፣ ክፍያው ደግሞ ከፍተኛ ነው። አልዋሸም። ድምፅ ማጉያውን አጠፋና «አንድ ሰው ዘንድ እንሂድ፤ እኔ ግን እዚያ አስጎብኚ አይደለሁም፤ ገንዘብዎንም እመልሳለሁ» አላት።

ሽማግሌው ከካሎው በር ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሰሙ። ሳላቸው በስልክ ውስጥ እንደሚኖር ሲነገራቸው ብዙም አልደነቃቸውም።

«ስንት ቀን አለሽ ልጄ?» ብለው ሴትየዋን ጠየቋት።

«ነገ ከሰዓት እሄዳለሁ አባ።»

«እንግዲህ ዛሬ ተቀመጪ። ከአጥሩ ውጭ ነው የምንቀመጠው። ጎጆ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ውስጡን ሰው አይረግጠውም።»

ያን ዕለት ወፉ አልተነሣም። ሩቅ ሆኖ ከሣሩ ውስጥ አንዴ ዘመረ፤ ወጣቱ ዜማውን ሰምቶ ጆሮውን አላመነም ነበር። ሽማግሌው «ዛሬ ተራሽ አይደለም» አሏት። ሴትየዋም ማታ ስልክ ደውላ ጉዞዋን አራዘመች።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጥሎ ካደረ በኋላ ወንዱ ከካሎው መሐል ተነሥቶ ዘመረ፤ ማንም አልጠራውም። ከሱ ራቅ ብሎ ሌላው ተነሥቶ መለሰለት። ሴትየዋ አነሣች። ከዚያም ካሜራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪወርዱ ድረስ ሰማች። ወጣቱ ገንዘቡን ሊመልስ ሲሞክር እሾህ ጎታች ቅጠሩበት አለችው። እሱም ራሱን ቀጠረ።

ፎቶው በፖስታ መጣ፤ ታትሞ፣ በወፍራም ወረቀት። ወፉ ትንሽ ነው፤ ከላይ በቀኝ በኩል ክንፉን ዘርግቷል፤ ላባው አይቆጠርም። ከሱ በታች ካሎው ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። ሣሩ ዘለላ አውጥቷል፤ ነፋስ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎታል፤ በሣሩ ጫፍ የአጥሩ እሾህ ይታያል። ሽማግሌው ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙት።

«ሣሩ ጥሩ ወጥቷል» አሉ።

አሁን እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌው ተራ ያወጣሉ፤ በአንድ ጠዋት አንድ መኪና ብቻ። ስልክ መኪና ውስጥ ይቀራል። ወጣቱ ጠዋት ያስጎበኛል፤ ከቀትር በኋላ እሾህ ይጎትታል። ጓደኛውም ባለፈው በጋ መጥረቢያ ይዞ መጥቷል። ወደ ነገሌ ወፏን ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ በዝናቡ ወራት ሂዱ፤ ከሦስት ቀን በታች አትያዙ። የተቀዳ ዜማ የሚከፍትላችሁ አስጎብኚ ካገኛችሁም እንዲዘጋው ለምኑት፤ ሙሉ ክፍያውንም ስጡት።